ከአስፋልቱ ማዶ

አሁን አሁን የአውሮፓ ተማሪ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን አጥፎ፣ ርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ፣ ቅዳሜና እሑድን ከጓደኞቹ ጋር በባርሴሎና ወይም በሴቪያ አሳልፎ፣ ሰኞ ጧት ከክፍሉ ይገኛል አሉ። እኛም በተማሪነታችን ሽርሽር አላጣንም። ልዩነቱ የእኛው በአውሮፕላን ሳይሆን በቅጥቅጥ አውቶቡስ፣ ወደ ባሕር ዳርቻ ሳይሆን ወደ ማሽላ ማሳ መሆኑ ነው።

ያቺ ጉዞ ሦስት ቀን አልሞላችም። ስለ እርሷ የጻፍኩት ግን ስሕተት ነበረበት። ስሕተቱም የእኔ ብቻ እንዳልነበረ፣ ይልቁንም ረዥም የዘር ሐረግ ያለው ስሕተት እንደሆነ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። አንባቢ ይታገሠኝና ከመነሻው ልጀምር።

2003 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነበር። ያን ጊዜ ደሴ ከተማ ውስጥ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ እማራለሁ። አራት ጓደኛሞች ነበርን። አንደኛው የቆቦ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። «እሸቱ ሳያልፍ እንሂድ» እያለ ሁለት ሳምንት ሲወተውተን ሰነበተና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያ ተሳፈርን። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ስንደርስ መሽቶ ስለነበር ለአራታችን ሁለት አልጋ ተከራይተን አደርን። ቅዳሜ በማለዳ ደግሞ የቀረችውን 50 ኪሎ ሜትር ጀመርን።

ከወልድያ ወደ ሰሜን ሲወርዱ አገሩ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። በግራ የላስታ ተራሮች ግድግዳ ሆነው ይቆማሉ፤ በቀኝ ራቅ ብሎ የዞብል ሰንሰለት ይታያል፤ በሁለቱ መካከል ሜዳው ተዘርግቷል። ጎብዬንና ሮቢትን አልፈን ቆቦ እስክንደርስ ድረስ ከመስኮቱ ዐይናችንን አልነቀልንም። ሰው ቆሞ የሚውጠው ማሽላ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። በየማሳው መካከል በረዣዥም እንጨቶች ላይ የተሠራ ማማ አለ፤ በማማው ላይ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ይጮኻል። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ደግሞ ድልድይ እንሻገራለን። ከድልድዩ ሥር ውኃ የለም። አሸዋና ድንጋይ ብቻ የሞላበት ሰፊ የወንዝ ቦይ ነው።

የጓደኛችን ወላጆች እንደ ልጆቻቸው ተቀበሉን። እናትየው የማሽላ እንጀራ በእርጎ አቀረቡልን። አባትየው ማሳው ውስጥ ይዘውን ገብተው የማሽላ እሸት በእሳት እየጠበሱ አበሉን። ስሙ ደገሌት የሚባለው የዚያ አገር ማሽላ ቁመቱ ከሰው በላይ፣ ጣዕሙም ልዩ ነው። ማታ በግቢያቸው ቁጭ ብለን ሲጫወቱ ሰማን፤ ስለ ዘወልድ፣ ደም የተቃቡ ሰዎችን ስለሚያስታርቁት ሽማግሌዎች አወጉን። እሑድ ጧት ወንዙ ዳር ፎቶግራፍ ተነሣን፤ እኔ በአሸዋው መካከል እጄን ዘርግቼ ቆሜ። ከዚያም ወደ ደሴ ተመለስን።

ሰኞ ዕለት ለኮሌጁ የግድግዳ ጋዜጣ የጉዞ ማስታወሻ ጻፍኩ። በጋዜጠኝነት ትምህርት የተማርኩትን ጌጥ ሁሉ አፈሰስኩበት። ስለ ድርቅ፣ ስለ 1966ና ስለ 1977 ረሃብ፣ በመንገድ ዳር ስላየኋቸው ልጆች ጻፍኩ። ለመዝጊያው ደግሞ ያንን አሸዋማ ቦይ አነሣሁና «የሞተ ወንዝ» አልኩት። ጽሑፉ ተወደደ። ሁለት ሰዎች እንባቸው መጣ ብለው ነገሩኝ። እኔም ኮራሁ።

ጓደኛችን አንዱን ቅጂ ይዞ ለገና ወደ ቤቱ ሄደ። ሲመለስ ዝም አለ። እኔ ግን «አባትህ ምን አሉ?» ብዬ አስጨነቅሁት። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦ «ሳነብለት ጸጥ ብሎ ሰማ። ከዚያ ‹ለዚያ ልጅ ንገረው› አለኝ፤ ‹ሞተ ያልከው ወንዝ ነው ያን ዕለት እሸት ያበላህ› በለው።»

ያን ጊዜ አልገባኝም። ንግግሩ ግን እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ።

ከመንገድ ላይ የተጻፈ ታሪክ

የራያን ቆላ ያየ መንገደኛ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ከእነርሱ ጋር ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበር። ቡድኑ ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ በእነዚህ ተራሮች ጥግ አለፈ። አልቫሬዝ ያየውንና የሰማውን ጽፎ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ታተመ፤ ዛሬም ለዘመኑ ታሪክ ዋና ምንጭ ነው። በመንገዱ ላይ ያገኛትን ማናደሌ ብሎ የጻፋትን ትልቅ የገበያ ከተማ፣ ከየአገሩ የመጡ ነጋዴዎቿን አድንቆ ያትታል።

በስተምሥራቅ በቆላው ስለሚኖሩት ዶባ ስለሚባሉት ሰዎች ግን የሚነግረን ሌላ ነው። ከእነርሱ ወገን አንድ ወንድ 12 ክርስቲያን መግደሉን ካላስመሰከረ ሚስት አያገባም ብሎ ጽፏል። ለመሆኑ ይህን ከማን ሰማ? ከዶባዎቹ አይደለም፤ ወደ ቆላው አልወረደምና። የሰማው ከመንገድ መሪዎቹና ከመንገዱ ጠባቂዎች ነው፤ ይኸውም ከዶባ ጋር በጠላትነት ከሚተያዩት። ገበያውን በዐይኑ አየ፤ ሰዎቹን ግን በጠላቶቻቸው አፍ ሰማ። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ፣ በአንድ ብዕር፣ እኩል እውነት ሆነው ተቀመጡ።

አራት መቶ ዓመት እንዝለል። በ1921 እና በ1922 ዓ.ም. ራያና አዘቦ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ተነሣ። አመፁን እንዲያበርዱ ከታዘዙት አንዱ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ነበሩ። እርሳቸው ግን ራሳቸው ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ወደቁ። ራያም በጦር ኃይል ተቀጣ። ነገሩ ሲገጥም፣ ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያው በመጋቢት 22 ቀን፣ የማይጨው ጦርነት ሆነ። የተፈታው ሠራዊት ከላይ በመርዝ ጭስና በቦምብ እየተደበደበ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ፣ ከጣሊያን መሣሪያና ገንዘብ የተቀበሉ የራያና የአዘቦ ታጣቂዎች ከጎን አጠቁት።

ይህንን የጻፉልን በዚያ መንገድ ያለፉት ናቸው፤ የደረሰባቸውም መከራ እውነት ነው። በእነርሱ ጽሑፍ ውስጥ ራያ በ1928 ዓ.ም. በድንገት ከተራራው ጥግ ብቅ ብሎ የሚወጋ ስም የለሽ ጠላት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በዚያው አገር ስለወረደው ቅጣት የሚያነሣ ጥቂት ነው። መንገደኛ የሚያውቀው እርሱ የደረሰበትን ቀን ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ዓመት አይታየውም። እንዲህ ስል ከወራሪ ጋር ማበርን ለማጽደቅ አይደለም፤ አንድን ሕዝብ በአንድ ሳምንት ድርጊት ብቻ ማንበብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማመልከት ነው።

መንገዱ ራሱ

ዛሬ የምንሄድበት አውራ ጎዳና የተሠራው ጣሊያን አገሩን በያዘባቸው ዓመታት ነው። ከአስመራ ተነሥቶ አላጌን ተሻግሮ፣ ማይጨውንና ኮረምን አልፎ፣ በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ወደ አላማጣ ቆላ ይወርድና ዋጃን፣ ቆቦን፣ ወልድያን፣ ደሴን እያያያዘ አዲስ አበባ ይገባል። የተቀየሰው ለጦር ሠራዊት ነው፤ ወታደርና ስንቅ ፈጥኖ እንዲደርስ እንጂ ገበሬው እህሉን እንዲሸጥ ታስቦ አልነበረም።

ከነጻነት በኋላም የመንገዱ ጠባይ አልተለወጠም። በ1935 ዓ.ም. የትግራይ ገበሬዎች «ወያኔ» ብለው ሲነሡ ራያና አዘቦም አብሮ ተነሣ። ትልቁ ውጊያ የተደረገው እዚሁ መንገድ ላይ፣ አላጌ አምባ ዙሪያ ነው፤ መንገዱን የያዘ አገሩን ይይዛልና። አመፁ የተሰበረው ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በ1936 ዓ.ም. መግቢያ መቀሌን ከደበደቡ በኋላ ነው። ለራያና ለአዘቦ ቅጣቱ በመሬት ሆነ፤ ብዙ መሬት ተወረሰባቸው።

ከዚህ ወዲያ በመንገዱ ዳር ከተሞች አደጉ። ቆቦ የአውቶቡስ ማረፊያ፣ የገበያ፣ የወፍጮ ከተማ ሆነች። የሚያልፈው ሰው ምሳውን በልቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ «ቆቦን አውቃታለሁ» ይላል። ከአስፋልቱ አንድ ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ስላለው ግን የሚጠይቀው የለም።

የ1965ቱ ተጓዦች

ከእኛ በፊት ወደዚህ አገር ለማየት ከወጡት ሁሉ የሚደነቁት ግን በ1965 ዓ.ም. የተጓዙት ናቸው። ያን ጊዜ ራያና ቆቦ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ያለ አውራጃ ነበር። ዝናቡ ቀርቶ፣ አዝመራው ጠፍቶ፣ ሕዝቡ ወደ አውራ ጎዳናው ፈለሰ። መኪና እያስቆመ እህል ይለምን ነበር። ከወሎ በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ ያቀኑትን ገበሬዎች ፖሊስ ከከተማይቱ ዳር መለሳቸው። በጋዜጣና በሬዲዮ ግን ስለ ረሃብ ወሬ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ሰዎች ወደ ወሎ ወጥተው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። ፎቶግራፎቹ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለዕይታ ቀረቡ። ተማሪው «መሬት ላራሹ» እያለ መጮህ ከጀመረ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ያን ቀን ግን አራሹን በፎቶግራፍ ፊት ለፊት አየው። መንግሥት ሊሸሽገው የሞከረው ነገር ከእንግዲህ ወዲያ አልተሸሸገም። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ያው ፊልም፣ የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል በመሐሉ እየገባበት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እንግዲህ ጥቂት ቀን የፈጀ ጉዞ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። እኔም ለዓመታት የማስበው ይህን ብቻ ነበር፤ ሄዶ ማየት፣ አይቶ መመስከር። የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ግምቱ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። ዝም ቢሉ ኖሮ ስንት ይሆን ነበር?

ይሁንና ምሁራን በኋላ ቆም ብለው ሲመረምሩት አንድ ነገር አስተዋሉ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያትተው መጽሐፉ ለኢትዮጵያው ረሃብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የእህሉ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም ይላል። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንደተጠበቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ እህል ይጫን ነበር። የራያ ገበሬ የሞተው እህል ከአገሩ ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ አዝመራው ሲጠፋ የሚገዛበትም አብሮ ስለጠፋ፣ በሬውም በርካሽ ስለሄደ ነው። በዚያው አስፋልት ላይ ረሃብተኛው ቆሞ ሲለምን እህል የጫነ መኪና በአጠገቡ ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ሴን ሌላም ነጥብ አንሥቷል። ረሃቡ በመንገዱ ዳር የባሰ የመሰለው በከፊል ተመልካቹ የሚሄደው በመንገዱ ስለሆነ ነው። መጠለያው የተተከለው በመንገዱ ዳር ነው፤ ለመቆጠር የቻለውም እስከ መንገዱ ለመድረስ አቅም የነበረው ነው። በየቤቱ፣ በየሸለቆው የቀረውን ማን አየው?

ኮረም፣ 1977

ነገሩ በ1977 ዓ.ም. ተደገመ። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ሜዳ የላኩት ዘገባ ዓለምን አናወጠ። ከዚያ የዘፋኞች ማኅበር ተሰባሰበ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተካሄደ። ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ነፍስ ዳነ። ይህን የሚያቃልል ሰው እኔ አይደለሁም።

ግን ለምን ኮረም? ከአላማጣ በላይ፣ በብርዳማው ደጋ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ እንዴት የዚያ ሁሉ ሺህ ሰው መሰብሰቢያ ሆነች? መልሱ እንደገና መንገዱ ነው። ኮረም በአውራ ጎዳናው ላይ ናት። በዚያ የጦርነት ዘመን መንግሥት አጥብቆ የያዘው ከተሞችንና መንገዱን ነበር፤ ከመንገዱ ወጣ ያለው ገጠር ብዙው በአማፅያን እጅ ነው። እርዳታው የደረሰው መኪና እስከሚደርስበት ብቻ ነበር። የራብ ሰው ወደ መንገዱ መጣ፤ ካሜራውም በመንገዱ መጣ፤ ሁለቱ ኮረም ላይ ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዐይን ይህ አገር ሁሉ የኮረም ንጋት ሆኖ ቀረ።

ሮበርት ቻምበርስ የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ስለ ገጠር ልማት በጻፈው መጽሐፍ የከተማ ሰው ገጠርን ሲጎበኝ የሚይዘውን ዕውርነት በየዓይነቱ ዘርዝሮታል። አንዱ የአስፋልት ነው፤ ጎብኚው ከመንገዱ አይርቅም። ሌላው የበጋ ነው፤ ጎብኚው የሚመጣው መንገዱ ሲደርቅ፣ ጭቃው ሲያልቅ ነው፤ ስለዚህ ክረምቱን አያውቅም።

ይህንን ሳነብ ከብዙ ዓመት በፊት በኅዳር ወር፣ በደረቅ አሸዋ መካከል፣ እጁን ዘርግቶ ፎቶግራፍ የተነሣውን ተማሪ አስታወስኩት።

ጎርፉ ሲመጣ

ያ እሾህ አላስተኛኝም ነበርና በዚያው በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከጓደኛዬ ጋር እንደገና ወደ ቆቦ ሄጄ ነበር። በዚህ ጊዜ ለሽርሽር አልነበረም። አባትየው ስለ ጽሑፉ አንድም ቃል አልተነፈሱም። «እንኳን መጣህ ልጄ» ብለው ብቻ ተቀበሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በላስታ ተራሮች ላይ ደመናው ጠቆረ። እኛ ባለንበት ጠብታ አልወረደም። ሰዎቹ ግን አካፋና መቆፈሪያቸውን እያነሡ ወደ ወንዙ ወረዱ። እኔም ተከተልኩ። ቦዩ እንደ ኅዳሩ ሁሉ ደረቅ ነው። በአሸዋው ላይ ግን ከድንጋይ፣ ከቅርንጫፍና ከአፈር የተሠራ ክትር አየሁ፤ ከክትሩ ጫፍም ወደ ማሳዎቹ የሚሄድ ቦይ ተቆፍሯል።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ከዚያ ጎርፉ ራሱ፣ እንጨትና ድንጋይ እየገፋ፣ ቀይ ሆኖ ደረሰ። ሰዎቹ በክትሩ ላይ ቆመው እየተጯጯሁ ይሠሩ ጀመር። ከመጣው ውኃ ሁሉንም አይደለም የሚጠልፉት፤ ሁሉን ልያዝ ያለ ክትሩንም ማሳውንም ያጣል። የሚበቃቸውን ወደ ማሳቸው መለሱ፤ የቀረውን ለቀቁት። ውኃው ከደጋው የታጠበ ደለል ተሸክሞ በማሽላው ሥር ተኛ። በራያ ጎርፍ ጠለፋ የሚሉት ይህ ነው፤ ከአባት ለልጅ የወረደ ጥበብ። በዝናብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ሜዳ ያን ያህል ማሽላ ባላበቀለ።

አባትየው እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ ወደ እኔ ዘወር አሉና «ወንዛችን እንዲህ ነው» አሉኝ። «ዓመቱን ሙሉ አይጮህም። ሲመጣ ግን ቤት ተገኝተህ ልትቀበለው ይገባል።»

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ምን አደረግህ? አንተ የመጣኸው በኅዳር ነው» ብለው ሳቁ።

ያን ምሽት ብዙ ነገር አስተማሩኝ። ደገሌት የሚዘራው በሚያዝያ ነው፤ የበልጉ ዝናብ በጊዜው ከመጣ እስከ ኅዳር ይቆያል። በልጉ ከቀረ ግን ደገሌት አይሆንም፤ ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም በሐምሌ ጤፍ ይዘራል። አቀንጭራ የሚሉት አረም የማሽላውን ሥር እየመጠጠ ያደርቀዋል። ይህ ሁሉ በየዓመቱ የሚደረግ ምርጫ፣ በየዓመቱ የሚደረግ ውርርድ ነው። እኔ «ድርቅ» ብዬ በአንድ ቃል ያለፍኩት ነገር ውስጥ ይህን የሚያህል ዕውቀት ነበር። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው ለካ ይህ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ደግሞ ከመሬቱ በታች ያለው ነው። ለዘመናት ከተራሮቹ የወረደው ጎርፍ በሜዳው ሥር ሰርጎ ከፍተኛ የከርሰ ምድር ውኃ አጠራቅሟል። በ1990ዎቹ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የሚባለው ተቋቁሞ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይመረት ጀመር። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ሰው በውኃ ጥም የወደቀበት ሜዳ ውኃ በሆዱ ይዞ ነበር ማለት ነው። «የሞተ» ያልኩት ወንዝ በላይ ጎርፍ፣ በታች ምንጭ ነበር። እኔ የቆምኩት በመካከሉ ባለው አሸዋ ላይ ነው።

ዳግመኛ በመንገዱ

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በዚያው መንገድ ወደ ደቡብ ወረደ። ቆቦ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። ስልክ ተቋረጠ። ጳጉሜን 4 ቀን በቆቦ ሲቪል ሰዎች በትግራይ ተዋጊዎች መገደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎችና አምነስቲ ኢንተርናሽናል የዐይን ምስክሮችን አነጋግረው አስታውቀዋል። ከዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጋብ ብሎ የነበረው ጦርነት እንደገና ሲፈነዳ የተኩሱ ወሬ የተሰማው ከዚያው ከቆቦ አካባቢ ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ በየዜናው ቆቦ ተያዘች፣ ቆቦ ተለቀቀች ይባል ነበር። እንደ ዱሮው የመንገድ ላይ ምልክት ሆነች።

እኔ ግን ያን ዜና ስሰማ አንድ ነገር ብቻ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ነሐሴ ነው። ነሐሴ የጎርፍ ጠለፋ ወር ነው። ክትሩን ማን ይሠራል? ጎርፉ ሲመጣ ማን ይቀበለዋል? በዜናው ውስጥ ስንት ከተማ እንደተያዘ ይነገራል፤ በዚያ ክረምት ስንት ማሳ ውኃ ሳይጠጣ እንደቀረ የነገረን የለም። እንዲህ ያለው ጉዳት ከአስፋልቱ አይታይም።

ስልኩ እንደገና ሲሠራ ወደ ጓደኛዬ ቤት ደወልኩ። ያነሡት አባትየው ናቸው። ደኅንነታቸውን ጠየቅኋቸው፤ «ተመስገን፣ አለን» አሉኝ። ከዚያ የማለቅሰው መስሏቸው ነው መሰለኝ ወሬውን እርሳቸው ቀየሩት፦ «ክትሩ ፈርሶብናል። ዘንድሮ እንደገና እንሠራዋለን።»

ውድ አንባብያን፣ ይህን የጻፍኩት ሰው ቤቱ ይቀመጥ፣ አይጓዝ ለማለት አይደለም። የ1965ቱ ሰዎች ባይጓዙ ኖሮ ዝምታው ይረዝም ነበር። አልቫሬዝ ባያልፍ ኖሮ ስለ ማናደሌ ገበያ የምናውቀው ባነሰ ነበር። ወጣቶች ከጓደኞቻቸው ጋር ይሂዱ፤ እሸትም ይብሉ፤ ፎቶግራፍም ይነሡ። ነገር ግን ስለ አንድ አገር ለመጻፍ ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፤ የመጣሁት በየትኛው ወር ነው? የቆምኩትስ ከመንገዱ ስንት እርምጃ ርቄ ነው?

እኔ ያንን የኅዳር ፎቶግራፍ አልጣልኩትም። በጀርባው በእርሳስ «ነሐሴ ተመለስ» ብዬ ጽፌበታለሁ። አሁንም ኅዳር በደረሰ ቁጥር ወደ ቆቦ እደውላለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሰላሙ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ወንዙ። ማሽላውን ሳልጠይቅ ይነግሩኛል።